«ወፍረሻል» የምትለው ሰላምታ

ባለፈው ፋሲካ ባለቤቴን፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጄንና ትንሹን ወንድሟን ይዤ ሱሉልታ አክስቴ ቤት ሄድኩ። እኛ የምንኖረው ሰበታ፣ ዓለም ገና ነው። ከዚያ ተነስቶ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ እንጦጦን አልፎ ሱሉልታ መድረስ በበዓል ቀን እንኳ ቀላል አይደለም። በሩ ላይ ስንደርስ አክስቴ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉን። አገላብጠው ሳሙኝና ወደኋላ ራቅ ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ኧረ ወፈርሽ! ምን ሆነሽ ነው እንዲህ?»

ሳቅኩ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? በበዓል ቀን፣ በር ላይ፣ ልጆቻችሁ እያዩ ለሚመጣ እንዲህ ያለ ቃል ከመሳቅ ሌላ መልስ አልተገኘለትም። ገባን፣ ተቀመጥን፣ ዶሮው ቀረበ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እኚያው አክስቴ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አፌ ላይ ደረሱ። «በሞቴ! ይቺን ብቻ!» ጎረስኩ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን አስከተሉ። በአንድ አፍ «ወፈርሽ»፣ በዚያው አፍ «ብዪ በሞቴ»። እኛ አገር ወፍራም ሰው የሚኖረው በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ቀጥሎ የመጣውን ነው። አክስቴ ወደ ልጄ ዞረው ጉንጯን ቆንጠጥ አደረጉና «ይቺም እናቷን ልትመስል ነው» አሉ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ልጄ በእጇ ይዛው የነበረውን እንጀራ ትሪው ላይ መለሰችው። ያን ቀን ሁለተኛ እጇን ወደ ገበታው አልዘረጋችም።

ከበዓሉ በኋላ ትምህርት ሲቀጥል ምሳ ዕቃዋ እንደሄደ ይመለስ ጀመር። መጀመሪያ «አልራበኝም» አለች። ከዚያ «ሆዴን አሞኝ ነው» አለች። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ስጠይቃት፣ ሰው እያያት መብላት እንደምታፍር ነገረችኝ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁት ከዚያ ማታ በኋላ ነው።

አክስቴ ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን አስቀድሜ መናገር ያለብኝ፣ ይህን ስታነቡ ክፉ ሰው እንዳትፈልጉ ነው። የእሳቸው ትውልድ «ወፈርሽ» ሲል «ተመቸሽ፣ ደላሽ» ማለቱ ነበር። የ1966ቱንና የ1977ቱን ድርቅ ያየ ሰው ጉንጭ ሲሞላ ደስ ቢለው አይፈረድበትም። የኤችአይቪ ነጻ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. መሰጠት ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ ሰው ድንገት ሲከሳ ሰፈሩ እንዴት ይንሾካሾክ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ያኔ «ወፈርክ» የሚለው ቃል «ተርፈሃል» እንደማለት ነበር። በደቡብ ኦሞ የቦዲ ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ካኤል በሚባለው በዓል ለወራት ወተትና የከብት ደም እየጠጡ ከከረሙት ወንዶች መካከል የሁሉ የበለጠ የወፈረው እንደ ጀግና ይከበራል። ወፍራምነት በዚህች አገር በየቦታው ነውር ሆኖ የኖረ ነገር አይደለም።

የተለወጠው ቃሉ ሳይሆን ቃሉ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ዛሬ ስልካችንን ስንከፍት የሚመጣው ቀጭን ወገብ፣ የስፖርት ቤት ማስታወቂያና «በአሥር ቀን ቦርጭ የሚያጠፋ ሻይ» ነው። አሌክሳንድራ ብሩዊስ የምትባል የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በተለያዩ አገሮች አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመችው ሥራ፣ ቀድሞ ወፍራም ሰውነት ይወደድባቸው በነበሩ ቦታዎች ሳይቀር «ወፍራም ሰው ሰነፍ ነው፣ ራሱን መግዛት ያቃተው ነው» የሚለው አስተሳሰብ እየገባ መሆኑን አሳይታለች። የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። አክስቴ «ተመቸሽ» ብለው የወረወሩት ቃል ልጄ ጆሮ ሲደርስ «አስቀያሚ ነሽ» ሆኗል። ሁለቱም አልዋሹም። በሁለት ዘመን መዝገበ ቃላት እየተነጋገሩ ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ነው ብላችሁ እንዳታልፉት ቁጥር ልጥቀስ። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የሆነው 3 በመቶ ነበሩ። በ2008ቱ ጥናት 8 በመቶ ደረሱ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 29 በመቶ። በዚያው ጥናት በአገር ደረጃ 22 በመቶ ሴቶች ከሚገባው በላይ ከሲታ ነበሩ። እንግዲህ አንዱ ቤት ምግብ ጠፍቶ፣ ሌላው ቤት ክብደት በዝቶ፣ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም የያዝን አገር ነን። ወፍራም ሰው ሲታይ «የሰው ድርሻ የበላ» የሚመስለውም አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

እንደ እኛ ከመሃል ከተማ ወጥተው ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ቤት የሠሩ ወይም የተከራዩ ሰዎች (አሁን ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ናቸው) ኑሯቸው በአብዛኛው መቀመጥ ነው። ንጋት ላይ የታክሲ ሰልፍ፣ ከዚያ መንገድ ዘግቶ ታክሲ ውስጥ፣ ከዚያ ቢሮ ውስጥ ወንበር፣ ማታም ያው። ቤት የሚገባው ጨልሞ ነው፤ ራት የሚበላውም ከመተኛት በፊት። እግር የሚንቀሳቀስበት ሰዓት የለም።

ታክሲን ካነሳሁ አይቀር የራሴን ልንገራችሁ። ከዓለም ገና ወደ አየር ጤና የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ መሃለኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ እኔ ጋ ደርሶ «ማዘር፣ የሁለት ሰው ይከፍላሉ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ስድብ አልነበረም፤ የጎመን ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነበር። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌሎቹ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ያሳፈረኝ ከሳቀው ይልቅ ወደ መስኮቱ የዞሩት ነበሩ። ከፈልኩ። እውነቱን ለመናገር አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ተጣብባ ነበር፤ ያን አልክድም። ግን ያው ረዳት ማታ ማታ ለሦስት ሰው የተሠራ ወንበር ላይ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ አራት ሰው ሲጭን ለማንም ሒሳብ ቀንሶ አያውቅም።

ልብስ መግዛትም እንዲሁ ነው። ቡቲክ ስትገቡ ሻጯ ከበሩ ጀምራ «ለእርስዎ የሚሆን የለም» ትላለች፤ ምን እንደፈለጋችሁ ገና ሳትናገሩ። ለልጅ ስጦታ ልትገዙ ይሆናል እኮ የገባችሁት። እኔ ሰልቫጅ ተራ መሄድ ከጀመርኩ ቆይቷል፤ ከውጭ የመጣው ልብስ ሰፊ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል፣ ሻጮቹም ክምሩን እያገላበጣችሁ ስትፈልጉ ዝም ይሏችኋል።

እነዚህ ያናድዳሉ እንጂ አይገድሉም። የታላቅ እህቴ ታሪክ ግን ሌላ ነው።

እህቴ ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ አካባቢ ትኖራለች፤ መምህርት ናት። ከአራት ዓመት በፊት ይደክማት ጀመር። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ አርባ ደቂቃ ማስተማር ከበዳት። ይበርዳት ነበር፤ እኛም «የገፈርሳ ብርድ ነው» እያልን ጋቢ ደራርበንላታል። ቆዳዋ ደረቀ፣ ፀጉሯ ተነቃቀለ፣ ክብደቷም ጨመረ። አንድ ክሊኒክ ሄደች። ያያት ባለሙያ ሳይነካት፣ ገና ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ «ክብደት ይቀንሱ፣ ሁሉም ይለቅዎታል» አላት። ምግብ ቀነሰች። በቴሌግራም የሚሸጥ ሻይ ገዝታ ጠጣች፤ ያተረፈችው የሆድ ቁርጠት ነው። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሳ ስትሄድ «አልቀነሱም እኮ» ተባለች። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት መሄድ ተወች። «ምን ልስማ ብዬ ነው የምሄደው?» ትለኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ቆየች። በኋላ የትምህርት ቤቷ ባልደረባ ይዛት ሌላ ቦታ ስትወስዳት፣ አንዲት ወጣት የጤና መኮንን አንገቷን ዳበሰች፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ድርቀቱና ስለ ፀጉሩ ጠየቀቻትና የደም ምርመራ አዘዘችላት። የታይሮይድ እጢዋ ሆርሞን በበቂ አያመነጭም ነበር። ይህ እጢ ሲደክም ሰውነት ሥራውን ሁሉ ያዘገያል፤ ይደክማል፣ ይበርዳል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ክብደትም ይጨምራል። መድኃኒቱ በየማለዳው በባዶ ሆድ የሚዋጥ ክኒን ነው። እህቴ ከጀመረችው በኋላ የቀነሰችው ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። ዛሬም ወፍራም ናት። ግን አትደክምም፣ አይበርዳትም፣ ታስተምራለች። ሁለቱ ዓመታት የጠፉት ሕመሙ ስለተደበቀ አልነበረም። ፊት ለፊት የሚታየው ውፍረቷ ሌላውን ሁሉ ስለሸፈነው ነው።

ይህ የእሷ ብቻ ዕጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከተለያዩ አገሮች የተሰባሰቡ ባለሙያዎች «ኔቸር ሜዲስን» በተባለው መጽሔት ላይ የጋራ መግለጫ አውጥተው፣ ወፍራም ሰዎች በሐኪም ቤት ሳይቀር መድሎ እንደሚደርስባቸው፣ ይህም ከሕክምና እንደሚያርቃቸው ጽፈዋል። መሣሪያው ራሱ እንኳ ያዳላል። የደም ግፊት ሲለካ ክንዳችሁ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ለክንዳችሁ ጠባብ ከሆነ ግፊቱን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያነባል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ በታተመ ጥናት በጣም ሰፊው መለኪያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር በ20 ነጥብ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከዚህ የተነሳ የሌለብንን ሕመም መድኃኒት ልንውጥ እንችላለን ማለት ነው። ስለዚህ ክንዳችሁ ወፈር ያለ ከሆነ «ሰፊው መለኪያ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

ውፍረት ጉዳት የለውም እያልኩ አይደለም። ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም፣ ለደም ግፊት፣ ለጉልበት መገጣጠሚያ፣ በእንቅልፍ ውስጥ ለሚቋረጥ ትንፋሽ እንደሚያጋልጥ እኔም አውቃለሁ፤ ጉልበቴ በየደረጃው ይነግረኛል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ማሳፈር ያከሳል ወይ?

አያከሳም። በአሜሪካ ከ2,300 በላይ ልጃገረዶችን ለዓመታት የተከታተለ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ ታትሟል። በአሥር ዓመታቸው ከወላጅ፣ ከወንድም እህት፣ ከጓደኛ ወይም ከአስተማሪ «በጣም ወፍራም ነሽ» የተባሉት ልጆች፣ በ19 ዓመታቸው ከልክ በላይ ወፍረው የመገኘት ዕድላቸው ካልተባሉት የበለጠ ነበር። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የነበራቸው ክብደት ታስቦ ነው። ማለትም ክብደታቸው እኩል ከነበረ ሁለት ልጆች የተነገራት ልጅ ናት የበለጠ የወፈረችው። በአዋቂዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በክብደታቸው ምክንያት መድሎ የደረሰባቸው ሰዎች ከዓመታት በኋላ ከልክ በላይ የመወፈር ዕድላቸው ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። መንገዱን ለመገመት አይከብድም። ያፈረ ሰው ተደብቆ ይበላል፣ ከሰው ፊት አይንቀሳቀስም፣ ሐኪም አያይም።

«አፉን ቢዘጋ ይከሳል» የሚለውም ነገር የሚመስለንን ያህል እውነት አይደለም። የክብደት ልዩነት ጉልህ ክፍል በዘር የሚወረስ ነው። ሜልቦርን ውስጥ ተመራማሪዎች በምግብ ቅነሳ የከሱ ሰዎችን ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመረምሯቸው፣ ረሃብ የሚቀሰቅሱት ሆርሞኖች ገና ወደ ነበሩበት አልተመለሱም ነበር፤ ሰውነት ያጣውን ኪሎ ለማስመለስ ይታገላል። መድኃኒትም አለ። በአገራችን ብዙ ሴቶች የሚወስዱት የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ በአንዳንዶች ላይ ክብደት ይጨምራል፤ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችና ኢንሱሊንም እንዲሁ። መንገድ ላይ የምታይዋት ወፍራም ሴት የትኛው እንደሆነባት አታውቁም። እኔም ስለ እናንተ አላውቅም።

ወንዶቹስ? የሱሉልታዋ አክስቴ ልጅ ጥሩ ቦርጭ አለው። ነጋዴ ስለሆነ ቦርጩ ለረጅም ጊዜ «የባለሀብት» ሲባልለት ኖሯል፤ ሴት ብትሆን ይህ ማዕረግ አይሰጣትም ነበር። ስኳር ጀምሮታል ሲባል ግን ሐኪሙ እንዲራመድ መከረው። ችግሩ ሱሉልታ ነው። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሯጮች ከአገር ውስጥም ከባሕር ማዶም እየመጡ የሚለማመዱባት ከተማ ናት። እንግዲህ ማለዳ እነዚያ ሸንበቆ የመሰሉ ልጆች በሚያልፉበት ሜዳ ላይ የእኛ ሰው ቱታ ለብሶ ብቅ አለ። የሰፈሩ ልጆች «ኃይሌ! ኃይሌ!» እያሉ ተከተሉት። በማግስቱ ሌሊት አሥር ሰዓት መውጣት ጀመረ። በዚያ ሰዓት መንገዱ የጅብ ነው። ለጥቂት ቀን ከልጆቹ ጅቡን መርጦ ቆየና ተወው። ሲነግረን ራሱም እየሳቀ ነው፤ ስኳሩ ግን በዚያ ሰሞን ከፍ ብሎ ነበር። አሁን ከሚስቱ ጋር አመሻሽ ላይ ይወጣል። ለሁለት ሰው አይጮኹም አለኝ። ሯጮቹ ግን፣ ይህንንም እሱ ነው የነገረኝ፣ አንድም ቀን ስቀውበት አያውቁም፤ እያለፉት «አይዞህ» ይሉታል።

ምን እናድርግ ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ እኔ ቤት ያደረግነውን ልንገራችሁ። ስለማንም ሰውነት፣ ስለራሴም ጭምር፣ ገበታ ላይ ማውራት አቆምን። ከሁሉ የከበደኝ ስለራሴ ያለውን መተው ነበር። መስታወት ፊት ቆሜ «ይሄ ቦርጭ» እያልኩ ስማረር ልጄ ስንት ዓመት ስትሰማኝ እንደኖረች አስቤው አላውቅም ነበር፤ ሁሉንም አክስቴ ላይ መጫን ልክ አይሆንም። እንግዳ ሲመጣ «እንዴት ከረማችሁ» በቂ ነው። የሰው ልጅ የሚጠየቅበት ብዙ ነገር አለ፤ ሥራው፣ እንቅልፉ፣ እናቱ። ልጅ ክብደቷ የሚያሳስብ ከሆነ ደግሞ የሚለወጠው የቤቱ ሁሉ ምግብና የቤቱ ሁሉ እንቅስቃሴ እንጂ የእሷ ሳህን ብቻ አይደለም። እኛ እሑድ እሑድ አራታችንም በእግር ወጥተን እንመለሳለን። ሐኪም ቤት ስትሄዱም ስለ ክብደት ከተነገራችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ይህ ሕመም ከሲታ ሰው ላይ ቢሆን ምን ምርመራ ያዙለት ነበር?» እህቴ አሁን ይህን ትጠይቃለች። አንዳንዱ ይቆጣል፤ አብዛኛው ግን ቆም ብሎ ያስባል።

ቋንቋችን አንድ የሚገርመኝ ነገር አለው። ገላችንን «ሰውነት» እንለዋለን፤ ሰው መሆናችንንም «ሰውነት» እንለዋለን። «ሰውነቷ ተበላሸ» ብለን ስናወራ የትኛውን እንደምንል አንዳንዴ እኛም አናውቀውም።

አክስቴን ደወልኩላቸው። ለመደወል ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ለትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል? «እትዬ፣ ልጅቷ ከፋሲካ ወዲህ ምሳዋን አትበላም» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «እኔ እኮ አማረባት ማለቴ ነው» አሉ። አውቃለሁ አልኳቸው። «ታዲያ ምን ልበላት?» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ እውነተኛ ግራ መጋባት ነበር። «እንዳሉት ነው እትዬ። አማረብሽ ይበሏት» አልኩ። ባለፈው ሳምንት ደውለው ልጅቷን አገናኚኝ አሉኝ። ምን እንደተነጋገሩ አልነገረችኝም፤ በሩን ዘግታ ነው ያወራችው።

ለመስከረም የሀበሻ ቀሚስ ልናሠራላት ቅዳሜ ልብስ ሰፊ ጋ ሄድን። ሰውዬው ሜትሩን ወገቧ ላይ አዙሮ ቁጥሩን ለረዳቱ ጮክ ብሎ ሊጠራ ሲል ልጄ አየችኝ። ወረቀት ላይ እንዲጽፈው ጠየቅኩት። ቅር ሳይለው ጻፈው። እሷ እስከዚያ የጥለቶቹን ናሙና እያገላበጠች ነበር፤ ብዙ አማረጠችና አረንጓዴውን ያዘች። ሲመለሱ ከወንድሟ ጋር ሳምቡሳ ገዝተው መንገድ ላይ በሉ።